የሚጎብጥ ሽመል ፍለጋ፣ ከወገራ እስከ ጎርጎራ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነበር፤ ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሚስት አላገባሁም፣ የማርሰው መሬት ከወንድሜ ጋር የጋራ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከነፍስ አባታችን ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ እርሻ ጠራኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ካልታገሰኝም ይተወው። የምጽፈው ከደባት ወዲያ ወርደው ለማያውቁ ለመንደሬ ሰዎች ነው። ሐይቅ ምን ይመስላል እያሉ ሲጠይቁኝ "ትልቅ ውሃ ነው" እያልሁ መመለስ ሰለቸኝ።

የሄድሁበት ጉዳይ ወንድሜ ነው። ታላቄ አያ ደምሴ ደባት ገበያ ላይ ተያዘ። ወታደሮች እቃውን ሲፈትሹ አንድ ባዶ ቀለህ አገኙበት። ቀለሁ ባሩድ የለው፣ እርሳስ የለው፤ ለሚስቱ የኩል መያዣ ይሆናታል ብሎ ጠርጎ የእንጨት ውታፍ ያበጀለት ነው። "ጠመንጃው የት አለ?" አሉት። "ኩል ነው" አለ። ኩል የሚያውቅ አልነበረም መሰለኝ፣ አዘዞ ወስደው አሰሩት። ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ሰኞ እስረኞቹን በማኪና ጭነው ለመንገድ ሥራ ወደ ሁመራ በረሃ ሊያወርዷቸው እንደሆነ ተሰማ። የደጋ ሰው ሁመራ ወርዶ ወባ አይምረውም። ከእኛ አገር ወርደው ከነበሩት አንድም ሲመለስ አላየንም። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልወርድላት አለ።

ከእሱ ጋር ታስሮ የነበረ ይመር የሚባል ጎረቤታችን ተፈትቶ መጣና ይህን ነገረን።

"የእስረኞቹ አለቃ፣ ካፒታኖው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ደምሴ ግቢ ሲጠርግ እየመጣ ያናግረዋል። ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር ናት፤ ካና፣ ካና ቦና። እንዲህም ያደርጋል።" ክንዱን ከታች ወደ ላይ ወዘወዘ፣ ውሃ እንደሚረጭ ሰው። "ያችን ነገር ቢያገኝ የሚፈታው ይመስለኛል።"

የነፍስ አባታችን ተጠሩ። ነገሩን ሰምተው አልዘገዩም።

"ቃና ነዋ። ቃና ዘገሊላ፣ ጥር አሥራ ሁለት። ሰውየው ክርስቲያን ነው፤ በሰው አገር ሆኖ ለበዓሉ የሚቀምሰው አጥቶ ነው። እጁን የሚያወዛውዝ ውሃውን ከጋኑ ሲቀዱ ማለቱ ነው።"

"ቦና ያለውስ፣ አባ? ቡና ይሆን?" አለች እናቴ።

"በቃና ሰርግ ቡና አልተፈላም" አሉ አባ።

በዚህ ነገሩ ተቆረጠ። ወይን ከየት ይመጣል፤ እናቴ ያላትን ማር ሁሉ አውጥታ ጠጅ ጣለች።

ረቡዕ፣ የከተራ ዕለት

ጠጁን በገንቦ አድርጌ፣ ገንቦውን በገለባ ደግፌ በአህያ ጭኜ ወጣሁ። የወገራ ብርድ ያን ዕለት ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ ውርጩ ገብሱ ላይ ጨው የነሰነሱበት መስሏል። በእጄ የአባቴን የወይራ ዱላ ይዣለሁ። እኛ ዘንድ ሰው በዱላው ይታወቃል። ቅቤ ጠጥቶ፣ ጭስ ጠጥቶ የጠቆረ፣ ድንጋይ ቢመቱበት የማይበገር መሆን አለበት። ዱላው የሚተጣጠፍ ሰው ቃሉም እንደዚያው ነው ይባላል።

መንገዱን ጣሊያን አዲስ አውጥቶታል፤ ሰፊ ነው። ታዲያ አህያዬ ጠጠሩን ጠልታ በዳር በዳሩ ካልሆነ አልሄድ አለች። ማኪና ባለፈ ቁጥር እኔ አህያዋን እይዛለሁ፣ አህያዋ እኔን ትጎትታለች።

አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ታቦታቱ ወደ ውሃ ወርደው ሕዝቡ ተበትኖ ነበር። አያ ውብነህ የሚባል ገበሬ "የእግዜር እንግዳ" ባልሁት ጊዜ ገና ሳልጨርስ በሩን ከፈተልኝ። ቤተሰቡ እራት ሊቀርብ ከቧል። ገንቦውን እሳት አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ይህ የእኔ ሞኝነት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲናጥ የዋለ ጠጅ ሙቀት ሲያገኝ ውታፉ ተፈናጥሮ ጣሪያ መታ። ድምፁ ጥይት ነው። ቤቱ በሙሉ መሬት ላይ ተደፋ፤ አያ ውብነህ ሚስቱን፣ ሚስቱ ልጆቿን ከለለች። እኔ ብቻ ነኝ ቆሜ የቀረሁት፣ ጠጅ ፊቴ ላይ እየፈሰሰ።

ጎረቤት ከውጭ "ማነው የተኮሰ?" እያለ ተጣራ።

"ማር ነው፣ ግቡ" አለ አያ ውብነህ፣ ከመሬት ሳይነሳ።

ሲነሳ አልተቆጣኝም። የመጣሁበትን ነገርሁት። ሚስቱ ለጥምቀት የጣለችውን የራሷን ጠጅ አምጥታ የጎደለውን ሞላችልኝ። "ምነው፣ የእናንተ በዓል አይደለም?" ብላት "እኛ ሰው አልታሰረብንም" አለችኝ። የእኛ አገር ሰውም ደግ ነው፤ የበዓሉን ጠጅ ግን ለመንገደኛ ይሰጣል ብዬ አልምልም።

ሐሙስ፣ ጥምቀት

ውታፉ ሲፈናጠር ገንቦው ተሰንጥቆ ኖሯል። ከአምባ ጊዮርጊስ ስወጣ ማንባት ጀመረ። ንብ መጣ፤ አንድ ሁለት እያለ በዛና አህያዋና እኔ መንጋ አስከትለን ሄድን። ከታቦት የሚመለሱ ልጃገረዶች አይተው "ቀፎውን ለማን ነው የምትድረው?" አሉኝ። አህያዋን ነድቼ አለፍሁ።

ወደ ጎንደር ሲቃረቡ ብርዱ ይለቃል። ጋቢዬን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው በፊት ካለችው ወለቃ ደረስሁ። ወለቃ የቤተ እስራኤል አገር ናት፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ከመንገዱ ዳር እመት ትርፌ የምትባል ሴት ሸክላዋን አሰልፋ ተቀምጣለች።

"ገንቦህ ያለቅሳል" አለችኝ።

"ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ነው።"

"ሳይበስል ያወጣችው ችኩል ሴት ናት። ድምፁን ስማው።" በእንጨት ከሩቅ ነካችው፤ እውነትም ድምፁ የታመመ ነበር።

አዲስ ገንቦ አምጥታ መሬት ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ሸሸች። ወጋቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይነኩም፣ ሌላ ሰውም እንዲነካቸው አይፈልጉም። ጠጁን ራሴ ገለበጥሁት። ዋጋውን ብጠይቃት "በዓልህ ነው፣ ሂድ" አለች። ባሏ አያ ታከለ ብረት ሠሪ ነው፤ የሚመሽብኝ መሆኑን አይቶ ከአጥሩ ውጭ ካለው የአህያ ዳስ ገለባ ጎዝጉዞ አሳደረኝ። ስለ እነሱ እኛ ዘንድ ብዙ ይወራል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ያደርሁ እኔ ነኝ። የሰማሁት ጅብ ከወንዙ ማዶ የሚጮኸውን ነው፤ አያ ታከለ ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ሲያንኮራፋ ነበር።

ዓርብ፣ ቃና ዘገሊላ

ጎንደርን አቋርጬ አዘዞ ወረድሁ። ስለ ከተማው ብዙ አልጽፍም፤ ግንቡን ያየ ሁሉ ያወራዋል። እኔ የገረመኝ ነጮቹ የሚሠሩት ቤት ነው፤ እኛ ቤት ስንሠራ ሞቅ እንዲል መስኮት አናበዛም፣ እነሱ ግድግዳውን ሁሉ መስኮት አድርገውታል። አዘዞ ደግሞ ሙቀት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጠላ ስንት ቀን ይቆያል እያልሁ ሄድሁ።

ከወታደሮቹ ሰፈር በር አንድ አስተርጓሚ አገኘሁ፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ አማርኛውን ረገጥ እያደረገ ይናገራል። ካፒታኖውም ወጣ፤ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ሰው።

"ለቃና ጠጅ ይዤ መጣሁ በለው" አልሁ። "ወንድሜ ደምሴ ይፈታልኝ።"

አስተርጓሚው ተረጎመ። ካፒታኖው ጠየቀው። እንደገና ተረጎመ። ከዚያ አስተርጓሚው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፤ እስኪበቃው ጠበቅሁት።

"አንተ ሰው" አለኝ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ካና በእነሱ ቋንቋ መቃ ማለት ነው፣ ሸምበቆ። ዓሣ የሚያጠምድበትን ዘንግ ነው የሚል። ዘንጉን ማኪና ሄደበት። ወንድምህ ለመጥረጊያ እጀታ ሲመርጥ አይቶት፣ ይህ ሰው እንጨት ያውቃል ብሎ ነው።"

"ቦናስ?"

"ሸጋ ማለት ነው።"

ሸጋ መቃ። እናቴ ማሯን ያሟጠጠችለት ነገር ይህ ነበር። ካፒታኖው ግን አልሳቀብኝም። ጠጁን አስቀድቶ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ፣ አንድ ዋንጫ ለወንድሜ እንዲሰጡት አዘዘ። አያ ደምሴን ከሽቦው ማዶ አየሁት። እግሩ አብጧል። ዋንጫውን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ ጠጣና ወደ ውስጥ ወሰዱት።

"እሑድ ጎርጎራ ወርዶ ያጠምዳል" አለኝ አስተርጓሚው። "ሸጋ ዘንግ ብታመጣለት የወንድምህን ነገር ያየዋል። ሰኞ ማኪናው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ እሱም አይችልም።"

እንጨት መምረጥ ከሆነ ምን ችግር አለ ብዬ የአባቴን ዱላ ዘረጋሁለት። ካፒታኖው ተቀብሎ መዘነው። ከኪሱ የመንጠቆ ክር አወጣ፤ መንጠቆዋ ጭንቅላቷ እርሳስ ነው፣ ወገቧ የዶሮ ላባ ለብሷል፣ ከእሷ ከፍ ብሎ ክሩ ላይ ትንሽ ቡሽ አለ። ዱላው ጫፍ ላይ አንጠለጠላት። ዱላው ንቅንቅ አላለም። እኔ ኮራሁ። እሱ አንገቱን ነቀነቀ።

"ይህ መዶሻ ነው ይላል" አለኝ አስተርጓሚው።

ከዚያ ካፒታኖው አንድ ሰንበሌጥ ነቅሎ በጣቱ ጫፏን ነካ አድርጎ አሳየኝ። አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ፈታው፤ "ጫፉ ለትንሿ እርሳስ ይስገድ፣ ወገቡ ለዓሣው ይታጠፍ፣ እጀታው ለማንም አይነቃነቅ። ቡሹ ውሃ ላይ ይቆማል፣ መንጠቆዋ ከሥሩ ትንጠለጠላለች። እሱም እንደ ወንጭፍ አይወረውራትም፤ ከታች ወዝውዞ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሥር ቀስ አድርጎ ያስቀምጣታል። ዘንጉ ደረቅ ከሆነ ውሃውን ትመታና ዓሣው ይሸሻል።"

ክር የሚጠቀልልባቸው ሁለት የብረት መዘውሮችም አሳየኝ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ የልጅ ጭብጥ የሚያክል። "የትኛው ይሻላል ይልሃል?" አለኝ። ትልቁን ጠቆምሁ፤ ትልቅ ነዋ። ካፒታኖው ሁለቱንም ከመንጠቆዋ ጋር በቦርሳ አድርጎ ሰጠኝ፤ ከዘንጉ ጋር አስማማው ማለቱ ነው። ወንድሜ እሱ ዘንድ ስላለ እጠፋለሁ ብሎ አልሰጋም።

ቅዳሜ፣ ገበያ

ጎንደር ገበያ ሽመል የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፣ የቋራ ሰው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ እኛ ዘንድ አይበቅልም። አንድ ሽመል አንስቼ ጎበጥ አደረግሁ፤ እንቢ አለ፣ ጣልሁት። ሌላ አነሳሁ፣ ያም እንቢ። አንድ እንቢ የማይል ሳገኝ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

"ያን ተወው፣ እሱ ለጋ ነው፣ ለዱላ አይሆንም" አለኝ።

"እሱን ነው የምፈልግ።"

"ምነው፣ የምትመታው ሰው ወዳጅህ ነው?"

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ከወገራ መሆኔን በጋቢዬ ውፍረት አውቀውታል፤ አንዱ "ደጋ ላይ ዱላውም ይበርደዋል፣ ለዚያ ነው የሚጎብጥ" አለ። አንገቴን ደፍቼ ማጉበጤን ቀጠልሁ። አንዱ ጫፉ ሸጋ ነው፣ ወገቡ ግን አንጓው ላይ ይሰበራል። አንዱ ወገቡ ሸጋ ነው፣ ጫፉ ደነዝ ነው። መንጠቆዋን ጫፉ ላይ እያንጠለጠልሁ እመለከታለሁ። በመጨረሻ አንድ ረጅም፣ ቢጫ፣ ከሥር ወፍራም፣ ወደ ላይ እንደ ጅራፍ እየቀጠነ የሚሄድ አገኘሁ። መንጠቆዋ ስትነካው ሰገደላት፣ ስለቃት ተመለሰ። ሽማግሌው ሳቁን ተወና "ለምንህ ነው?" አለ። ነገርሁት። ሽመሉን አገላብጦ አየና "ከሥሩ በቅቤ አሸው፤ ደረቅ ነው፣ እንዳይሰነጠቅብህ" አለኝ። ቤቱም ከገበያው ጀርባ እንደሆነ በእጁ አሳየኝ፤ ሌላ ካስፈለገኝ እንድመጣ።

ሽመሉ ክሩ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት ያስፈልገዋል። ወለቃ ወደ አያ ታከለ ወጣሁ። የረሳሁት ነገር ነበር፤ ቅዳሜ ነው።

"ዛሬ እሳት አላነድም" አለኝ ከአጥሩ ውስጥ።

"ወንድሜ ሰኞ ሊሄድ ነው፣ አያ ታከለ።"

"ሰማሁህ። እሳት ግን አላነድም። ኮከብ ሲወጣ ና።"

ክፉ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ግን እናቴ እሑድ ቀን ሰው ቢሞትባት እንኳ እንደማትፈጭ ትዝ አለኝና ተቀመጥሁ። እመት ትርፌ ዓርብ የጋገረችውን የሰንበት ዳቦ በቅጠል አድርጋ ከአጥሩ ሥር አኖረችልኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጥሩ ነው። ኮከቡን ስንጠብቅ አያ ታከለ በአጥሩ ቀዳዳ ሽመሉን እያየ የት የት ላይ ቀለበት እንደሚያስር በቃል ነገረኝ፤ ማውራት አልተከለከለበትም። ሦስት ኮከብ ሲታይ ፍሙን አነሳ። ቀለበቶቹ ከጥፍር አይበልጡም፤ መዳብ ቆርጦ አጥፎ ሠራቸው፣ እኔ በጅማት አሰርሁ።

መዘውሩን ስናስር ትልቁን አደረግሁ። አያ ታከለ "ጣትህ ላይ አኑረው" አለኝ። አኖርሁት፤ ሥሩ ከብዶ ወደ ኋላ ተደፋ። ትንሹን አደረግሁ። ሽመሉ ጣቴ ላይ እንደ ሚዛን ቆመ። ትልቁን ቦርሳ ውስጥ መለስሁት።

እሑድ፣ ጎርጎራ

በሌሊት አዘዞ ወረድሁ፤ ካፒታኖው ዘንጉን ወዝወዝ አድርጎ በማኪና አስጫነኝ። ማኪና ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚያ መንገድ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ጭንቅላቴ ከጎን ተንጠልጥሎ ነበር። አስተርጓሚው ቀበቶዬን ይዞ "ጣናን ሳታየው እንዳትሞት" ይለኛል።

ሐይቁ ማዶ የለውም። እኛ ዘንድ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ይኸኛው የትም አይሄድም፣ ተኝቶ ይተነፍሳል። ከዚህ የበለጠ መናገር አልችልም።

ካፒታኖው ደንገሉ ዳር ቆሞ መንጠቆዋን ወዘወዛት። ይመር ያሳየኝ እንቅስቃሴ እሱ ነው፣ ከታች ወደ ላይ። ላባዋ ያለ ድምፅ ደንገሉ ሥር ወረደች፣ ቡሹ ቆመ። ካፒታኖው ፈገግ አለ። ቡሹ ጠለቀ። አንድ ቀረሶ የሚሉት ዓሣ ወጣ፤ ሽመሉ ጫፉን ብቻ አጎንብሶ አወጣው። ሁለተኛም ወጣ። ካፒታኖው እየሠራ ማውራት ጀመረ፤ ልጅ ሳለ አባቱ በአገሩ ሐይቅ እንዲህ ያስተምረው እንደነበር አስተርጓሚው ነገረኝ። አባቱ ይኑር አይኑር ከመጣ ወዲህ አልሰማም።

ሦስተኛ ጊዜ ቡሹ ወደ ታች አልሄደም፤ ወደ ጎን ተነዳ። ሽመሉ ወገቡ ድረስ ታጠፈ። አምባዛ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ነበር። መዘውሩ ይጮሃል፣ ክሩ ይሄዳል፣ ሽመሉ ጫፉ ውሃ ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ዓሣውን አላየሁም፤ የማየው ሽመሉን ነው። የወንድሜን ወገብ እንደማየት ነበር። ያ ሽመል እንደማይጎብጥ ዱላ ቢሆን በመጀመሪያው ጉተታ ይሰበር ነበር። እሱ ግን ሲጎብጥ፣ ሲመለስ፣ ሲጎብጥ ቆየ። ካፒታኖው አምባዛውን ጭቃው ላይ ሲጎትተው ሽመሉ ከእጀታው በላይ ካለው አንጓ "ጧ" አለና እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። በቅቤ አሽቼው ነበር፤ አልበቃውም።

ካፒታኖው ተቀምጦ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ተናገረ።

"ሸጋ ካና ነበር ይላል። ዓሣውን ሳይጥል ነው የሞተው።"

"ወንድሜስ?"

ረጅም ተነጋገሩ። "ወንድምህን መልቀቅ ይችላል። ነገ ሄዶ ከሽፍቶች ጋር ቢሆን ግን ማን ይጠየቃል ይላል።"

"እኔ ዋስ ነኝ" አልሁ።

አስተርጓሚው ቃሉ ጠፋው። ዋስ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሰው ስለ ሰው አንገቱን እንደሚሰጥ በእጁም በአፉም አስረዳ። ካፒታኖው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ የተሰነጠቀውን ሽመል አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ዋሱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ይላል፤ ክረምት እስኪገባ። ዘንግ ትመርጥለታለህ፣ እሑድ እሑድ አብረኸው ትወርዳለህ።"

ያልታጨደ ገብስ ነበረን። እናቴ ነበረች። አዘዞ ሙቀት ነው። "እሺ በለው" አልሁ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ደምሴን ከበሩ ተቀበልሁት። ማኪናው ሌሎቹን እየጫነ ነበር፤ ወደዚያ አላየም። አህያዋ ላይ አወጣሁትና እስከ ጎንደር አብረን ወጣን፤ ወታደር ከኋላዬ ተከትሎኛል።

"በምን አወጣኸኝ?" አለ።

"በሽመል።"

"ጠንካራ ነበር?"

"አይ። የሚጎብጥ።"

"ታዲያ አንተ ምነው ከእኔ ጋር አትወጣም?"

"ዋስህ ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ክረምት ሲገባ እመጣለሁ። ለእናቴ ደህና ነው በላት።"

ከአህያዋ ሊወርድ እግሩን አነሳ። መልሼ አስቀመጥሁት። እኔም እንቢተኛ ነኝ፣ እሱም እንቢተኛ ነው፤ ያበጠው እግር ግን የእሱ ነው። ሽቅብ ወደ ወገራ ሲሄድ ከጀርባው ጥቂት አየሁት። ከዚያ ከገበያው ጀርባ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ፣ "የሚጎብጡትን ሁሉ አውጣልኝ" አልሁትና ደጃፉ ላይ ተቀምጬ መምረጥ ጀመርሁ።